ሞላ

ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ስትወርዱ፣
ሰዓት ስጠግን ነው ዓመታቴ የሄዱ።
ይህ እጅ ሠላሳ ዓመት ተንቀጥቅጦ አያውቅም፤
ዘንድሮ ወረንጦዬ ከብሎን አይታረቅም።
ለድብርቴ ብለው ያዘዙልኝ ፍሬ
አፌን ኩበት አደረገች፤ ላብ ሆነ አዳሬ።
«ትቅርብኝ» አልኩ አንድ ቀን፤ «ድብርቱ ይሻላል፤
እሱስ እጄን ትቶ ደረቴ ላይ ይውላል።»

ወገቤም አመመኝ። ጎረቤቴ እንዳሻው
በጋዜጣ ጠቅልሎ ትራማዶል፦ «ይኸው።»

ከቴዎድሮስ አደባባይ ወረድ ብሎ፣ ከባንኮው ኋላ፣
ትርሲት፦ «ምን ምን ትወስዳለህ ከዚች ፍሬ ሌላ?
የሰው ኪኒን፣ አረቄ፣ የተወቀጠ ሥር፣
እዚህ አይፈረድም፤ አንዱንም አታስቀር።»

የእንዳሻውን ጥቅል ዘረጋሁ። «ዋጥካት?» «ገና።»
«እሰይ! ሁለቱ ባንድ ሆድ አይስማሙምና፤
ትኩሳት፣ መቃዠት፣ ልብን ማስጋለብ፣
ሰው ይጥላሉ። ሐኪምህ ለወገብህ ሌላ ያስብ።»

«የእጄስ ነገር?» አልኳት፤ «ዛሬውኑ ላቁማት?»
ዝም አለች። ሰዓቷን ከክንዷ አውልቃ
ባንኮው ላይ አኖረቻት፦
«የተጠመጠመ ሞላ ስትፈታ
ባንዴ ትለቃለህ?»
                    ሳቅሁ።
                    ከስንት ወር ቆይታ።

ባንዴ የለቀቁት ሞላ ጥርስ ያረግፋል፤
ቁልፉን በጣት ይዞ፣ ቀስ… ቀስ… ያኔ ያርፋል።

ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ፤ መጠኑ ይታያል።
ዛሬም በውሃ ዋጥኳት።
የግድግዳው ሰዓት አምስት ደቂቃ ይዘገያል።
ይዘግይ።
ይሄዳል።