ጉልበት

በጥር፣ ጌንት ከተማ፣ ሙቁ ዮጋ ገብቼ፣
ላቤ ዓይኔን ሲያቃጥለው ወጣሁ ፎጣ ትቼ።

ቀጥሎ ፈጣኑን፦ ሁሉም ውሻ ሲሆን እኔ ገና ድመት፣
ሲያጎነብሱ ቀና፣ ቀና ሲሉ ጎንበስ፤ ጠፍቶኝ የሙዚቃው ምት።

ሦስተኛው «ታጠፊ!» ይላል፣ «ግንባርሽ ከእግርሽ!»
ቀን አንሶላ ሳጥፍ ውዬ፣ ሆስፒታል ምድር ቤት፣
ማታ ራሴን ላጥፍ?
ኧረ በሕግ አምላክ!

ማክሰኞ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ፣ ሊስቤት፣ ጡረተኛዋ ነርስ፣
ወንበር አቀረበችልኝ፤ ደረበችልኝ ብርድ ልብስ።
«ጉልበትሽስ?» አለች፣ ቀስ።

ዘጠኝ ዓመት በሰዓት የሸጥኩት ጉልበቴ
ዛሬ ገና ተጠየቀ፦ ደህና ነህ ወይ? በሞቴ!

ዓይኔን ጨፈንኩ። ያንኮራፋሁም መሰለኝ።

ስነቃ፣ ብርድ ልብሱን
ሌላ ሰው አጥፎታል።