ሐረጎ ቁልቁል

የደሴ መናኸሪያ። ጦሳ በጭጋግ ተከናንቦ፣
የአራዳ ቆርቆሮ በሌሊቱ ካፊያ ረጥቦ።
እኔ በሩ ላይ ተንጠልጥዬ፦ «ኮምቦልቻ! አንድ ሰው! ሞላ እኮ፣ ሞላ!»
ሦስት ወንበር ባዶ ነው፤ ረዳት ካልዋሸ ምን ይበላ?

ሞገስ ሁሴን፣ ሾፌሬ፣ ፍላሹን ሰካና፣
«ዛሬስ ጆሮህን እጠብ» አለኝ ሳቅ አለና።
ያገኘው ከወንበር ሥር ነው፤
የፋብሪካ ማሽን ሊተክል የመጣ አንድ የእንግሊዝ ሰው
ጥሎት የወረደ፣ ተመልሶም ያልጠየቀው።

መጀመሪያ አርሞኒካ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ሲተነፍስ፣
ቀጥሎ የክራር ዘመድ፣ እግሩን አንሥቶ ሲገሰግስ፣
ከዚያ አንድ ጎርናና ድምፅ፣ ትምባሆ ያሻከረው፣
ስለ ባቡር፣ ስለ ወህኒ፣ ስለ ጌታም መሰለኝ የሚያወራው።
ከሥሩ ግን—
ዱም። ዱም። ዱም። ዱም።
የብረት ልብ፣ የማይደክም፣
ዘፋኙ ቢያለቅስ የማያዝን፣ ቢሞትም የማይቆም።

ሐረጎ ጀመረ። መንገዱ እንደ ተፈታ ጥምጥም
ቁልቁል ይወርዳል፤ ጫፉ አይታይም።

«ይሄ ዘፈን ነው ወይስ ጄኔሬተር?» አሉ አያ ውበቴ ከመሀል ወንበር።
ዘኪያ፣ የዩኒቨርሲቲዋ ልጅ፣ ስልኳን ከፍታ ትፈልግ ነበር።
«የለንደን ልጆች ናቸው» አለች፤ «የሚያለቅሱለት ያ አገር
የአሜሪካ ገጠር ነው፤ አንዳቸውም አልተወለዱበት።
የጥጥ ለቃሚ ባሮችን እንጉርጉሮ፣ የቤተ ክርስቲያናቸውን ዜማ፣
ከጭፈራ ቤት ምት ጋር አጋብተው ነው የሚጫወቱት።»
«ታዲያ ሌቦች ናቸዋ!» አሉ አያ ውበቴ፤ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ተከሉት።

ሞገስ መሪውን በአንድ እጁ፣ ዓይኑ ከጥምዝምዙ ሳይነቀል፦
«አያ ውበቴ፣ ሰርግ ላይ ሰምቼዎታለሁ፣ ሲያዜሙ አምባሰል፤
ወላሂ ይንገሩኝ፣ ገደሉን ወጥተውት ያውቃሉ?»
ዝም አሉ።
«ባቲንስ የሚያዜመው ሁሉ ባቲ ሰኞ ገበያ ውሏል?
ዜማ እኮ መታወቂያ አይዝም፣ ኬላ ላይ ውረድ አይባል።
እኔ ራሴ ሞገስ ነኝ፣ የሁሴን ልጅ፤ አያቴ ገብረ ሕይወት፤
ፋሲካ መጣ፣ አረፋ መጣ፣ የሚጠራኝ አላጣም ቤት።
ማን ሌባ አለኝ?»
መኪናው ሙሉ ሳቀ፣ በማርያም የሚምለውም፣ በአላህ የሚምለውም።

አንዲት ሴት ብቻ አልሳቀችም። ጦይባ፣ ከኋላ፣ ከጥጉ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ፈትል ክፍል ሠርታ፣
ግማሽ ጆሮዋን እዚያው ትታ፣
የወጣች በጡረታ።
ምቱ በጆሮዋ አልገባም፤ በወንበሩ ብረት ነው የመጣባት፣
ከጉልበቷ ወደ ጣቷ ነው የወጣባት።
ጣቶቿ ተነሡ፤ የሌለ ክር ያዙ፣ ቀጠሉ፤
አየኋቸው፣ ጭኗ ላይ ሲጠብቁ ሲላሉ።

«እኛም» አለች ጮክ ብላ፣ ጆሮ የጎደለው እንደሚጮኸው፣
«እኛም ሌሊት ፈረቃ እንዲህ ነበር የምናደርገው።
ማሽኑ ዱም ዱም ሲል እንጉርጉሮ ከላዩ እንጥልበታለን፤
አለቃ አይሰማ፣ እርስ በርስም አንሰማማ፣ አፍ ለአፍ እየተያየን።
ዘነቡ የሞተች ሌሊት ማሽኑ አልቆመም፤ በእሱ ምት አለቀስናት።
እነዚህን ልጆች ማን ነገራቸው?»
ማንም አልመለሰላት።

ቦርከና ድልድይ ደረስን። ሙቀቱ በመስኮት ገባ፣ ጭጋጉ ከላይ ቀረ።
«ሒሳብ!» አልኩ። ብር ቆጠርኩ። ዘፈኑ ገና ነበረ።
አያ ውበቴ አምስት ብር አጎደሉብኝ፣ ቀና ብለውም አላዩኝ፤
ከዘራቸው ግን ወለሉን ይመታ ነበር፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣
እሳቸው ሳያውቁት።

አምስት ብሩን ተውኩት።