ልክ

እኔ አናጢ ነኝ፣ ጅማ፣ ከሂርማታ ገበያ ጀርባ፣
በርጩማ እጠርብ ነበር፣ ከዋንዛ፣ ከዝግባ።
ሦስት እግር ነው ያለው፣ ከአንድ ግንድ የሚወጣ፣
ወለል ቢጎረብጥም የማይንገዳገድ፣ ማንም ሄደ ማንም መጣ።

ሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ሊጋመስ ሲል
ከቀበሌው መጡ፤ ጓድ ሽመክትና አንድ ጠመንጃ ያነገተ ልጅ።
ልጁን አውቀዋለሁ። ለእናቱ ምድጃ
ከእግሬ ስር ፍቅፋቂ ሲለቅም ነው ያደገ።

«አግዳሚ ነው የምንፈልግ» አለ፣ ሰላምታ ሳያስቀድም፣
«ቁመቱ ሁለት ሜትር፣ ወርዱ ሠላሳ ሳንቲም።
በጫፍና በጫፉ ቀዳዳ ይኑረው፣ ገመድ የሚያሳልፍ።
እግሩ ይጥበቅ።
እንዳይላወስ፣ ሲላወሱበት።»

ጻፍኩ። እርሳሴን ጆሮዬ ላይ ሰካሁ።
ልኩን ወሰድኩ እንጂ፣ ልክ ነው ወይ አላልኩም።
ለመቀመጫ ገመድ ምን ያደርግለታል፣ አላልኩም።
ማንም ያልጠየቀኝን ይሄን ጥያቄ
አርባ ስድስት ዓመት ለብቻዬ ስመልስ አለሁ፤
እስከ ዛሬ አንዱም መልስ አልገጠመልኝም።

አሳምሬም ሠራሁት። ይሄን ነው የማልደብቀው።
የነቀዘ እንጨት ነበረኝ፤ እግሩን አላልቶ መስጠትም ይቻል ነበር፣
በሦስተኛው ቀን የሚሰበር።
እጄ ግን ሥራ ይወዳል።
ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣
ስንጥር ሰው እንዳይወጋ ብዬ።

ሃያ ሁለት ብር ከፈሉኝ፣ ማኅተም ባለው ደረሰኝ።
ዱቄት ገዛሁ፣ ላምባ ገዛሁ። በላን።

ቀበሌው ከሱቄ ስድስተኛው ቤት ነው።
ሲመሽ ሬዲዮ ያስጮሃሉ፣ ማርሽ ብቻ፣ ማርሽ።
እኛም የየቤታችንን ሬዲዮ አስጮህን፤
መስኮቱን ዘጋን፣ ልጆቹን በጊዜ አስተኛን።
ሰፈሩ በሙሉ ማርሽ ወዳድ ሆነ፤
ጠዋት ስንገናኝ ስለ አዌቱ ሙላት እናወራለን።

መጋቢት ላይ አግዳሚው በጋሪ ተጭኖ መጣ።
«አንድ እግሩ ላልቷል» አለኝ ልጁ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ።
ገለበጥኩት።
በሆዱ በኩል፣ የታሰረ እጅ በሚደርስበት፣
ጥፍር የቧጠጠው አለ።
በቀኝ አራት መስመር።
በግራ
ሦስት።

ኢዘዲን እኔ ዘንድ ሙያ ሲማር፣ በአሥራ አምስት ዓመቱ፣
የግራ እጁን የቀለበት ጣት የእኔ መጋዝ በልታዋለች።
እናቱ አዴ ሻሹ ያኔ ካሣ አልፈልግም አለች፤
«ነፍሱ ትትረፍ እንጂ፣ ጣትስ ትሂድ» ብላ
ይቅር ብላኛለች።

እግሩን አጠበቅኩ።
ከዚያ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ መላጊያዬን አነሣሁ።
ላግኩት፤ መስመሩ እስኪጠፋ፣ እንጨቱ እንደ አዲስ እስኪነጣ።
ለዚህኛው ሥራ ደረሰኝ የለኝም።

ከሰዓት አዴ ሻሹ መጣች። በር ላይ ቆመች።
«ወሬ ሰማህ?»
«አልሰማሁም።»
«ኸረ ጆሮህ ቅርብ ነው፣ ስድስት ቤት ነው።»
«አልሰማሁም፣ አዴ።»
ልትሄድ ዞራ፣ ተመለሰች፤
«እንግዲያው ፍቅፋቂ ካለህ፣ ለእሳት።»
ማዳበሪያዋን ሞላሁላት።
አመሰገነችኝ።

ዛሬ «ዘመኑ ነው» ይሉኛል፣ የሚያውቁኝ ጥቂቶቹ፣
«አንተ ባትሠራው ሌላ ይሠራው ነበር።»
እሺ፣ ሌላው ይሥራው ነበር።
ዘመን መጋዝ ይዞ አላየሁትም፣ ማታ ሱቅ ዘግቶ ሲገባም።

አሁንም እሠራለሁ፣ እጄ ቢንቀጠቀጥም።
ከጅሬን የመጣ አንድ ጎረምሳ ትናንት አግዳሚ አዘዘኝ፣
ቁመቱን ነገረኝ፣ ወርዱን ነገረኝ።
«ለምን ትፈልገዋለህ?» አልኩት።
ጓደኛውን አየ፤ ሽማግሌው ጃጀ ዓይነት ሳቀ።
«ለመቀመጥ ነዋ፣ አባ ዱራ!»

ዝም ብዬ አየሁት።
እርሳሱ ጆሮዬ ላይ ነው።