የሚጮኸው የሚወድቀው ነው

የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ የማጠናው ጨለማ፤
ይስቅብኛል ይህን የሰማ።
መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፣ ማሽኑን እንደገና ሳስነሳ፣
ጣቴን በትንፋሼ ሳሟሙቅ፣ ውርጩ መስኮቱን ሲበሳ፣
ከስምንት ተራራ፣ ከስምንት ሳህን የተለቀመ ሹክሹክታ
ቁጥር ሆኖ ይወርዳል፣ ሌሊቱን ያለ ፋታ።
ሳህኖቹ አይተያዩም፤ አንዱ በረዶ ላይ፣ አንዱ በረሃ፣
በመካከላቸው የባሕር ውሃ፤
የሚያግባባቸው ሰዓት ብቻ ነው፣ የማይዛነፍ፣
በሚሊዮን ዓመት አንዲት ሰከንድ የማያተርፍ።

ይህን ትምህርት ግን ከመጽሐፍ በፊት አውቀው ነበር።

መንዝ ነው፣ ማማ ምድር፣ ከገደሉ አፋፍ፣ ክረምቱ ሊያበቃ፣
ጉም እንደ ባና የለበሰው አገር በሌሊት ነቃ።
ጥሩምባ ተነፋ።
ተሰማ ጠፋ።

አጎቴ ነው። በቅሎዋ ብቻዋን መጥታ ከደጅ ቆማለች፣
ኮርቻው ወደ ሆዷ ዞሮ፣ ታነክሳለች።
ችቦ አልጠቀመም፤ ጉሙ ብርሃንን ከክንድ አያሳልፍም፤
ጆሮን ግን አይከለክልም።
ባሻ ዘውገ ከጊዮርጊስ አጥር፣ ዲያቆን ልሳኑ ከወፍጮው ጋራ፣
እትዬ አሰገደች ከገብሷ ዳር፣ ጨለማውን ሳትፈራ፣
ጥሩምባው ካቆመባት ቅጽበት ጀምረው ቆጠሩ፣
ጩኸቱ እስኪደርሳቸው፤
ቁጥሩንም እንደ ስለት አምጥተው ለእናቴ ነገሩ።
አንዱ ስድስት፣ አንዱ ዘጠኝ፣ አንዷ አሥራ አንድ አለች።

እናቴ ወርቅያንጥፉ መሬት ላይ ሦስት ጠጠር ጣለች፣
ከእንዝርቷ የሱፍ ፈትል ሳበች፣
ለካች፣ አጠላለፈች፣
ክሮቹ በተገናኙበት ጣቷን አኖረች።
«እዚህ ነው» አለች።

አንዳቸውም ብቻቸውን ያላዩትን ሥፍራ
መራራቃቸው አየው።

ጠዋት አገኙት፣ ከዚያው፣ ከክሮቹ መስቀለኛ፣
እጁ ሣር እንደጨበጠ፣ እንደተኛ።
ጩኸቱ ገና በጆሯችን ውስጥ ይሄድ ነበር፣
እርሱ ጨርሶ።

አሁን ሰው ይጠይቀኛል፦ «እንዴት ታዪዋለሽ
ብርሃን የማይለቅ ነገር?»
ትዝ የሚለኝ ያ አፋፍ ነው፣ ያ ጉም፣ ያ አገር።
ገደል አይጮህም።
የሚጮኸው የሚወድቀው ነው፤
አፋፉን እየዞረ የሚግለው፣ የሚፋጨው፣
አምሳ አምስት ሚሊዮን ዓመት መንገድ የሚጣራው፣
አቧራ የማያስቀረው።

ዛሬ ሌሊት፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ ቁጥሮቹ ገጠሙ።
ቀለበት። ደብዛዛ። በአንድ ጎኑ የደመቀ፣
መሐሉ የጠለቀ።
ሳህን ባልቆመበት ሁሉ ምስሉ ቀዳዳ አለው፤
ጠጠሩ አነሰ፣ ፈትሉ አልበቃም፣
ስንቱን በግምት ነው የጠቀምነው።

ሲነጋ ለእናቴ ደወልኩ።
ቀለበቱን ነገርኳት፣ ርቀቱን፣ ክብደቱን፣
ስንት ቢሊዮን ፀሐይ እንደሚመዝን።
ዝም ብላ ሰማችኝ። እንዝርቷ ሲሽከረከር ይሰማኛል።
ከዚያ፦ «ማነው የወደቀው?» አለችኝ።

እማ፣ ስሙን አላውቅም።
ግን ተሰማ።