ደረቅ ቼክ፣ እርጥብ ሣጥን

አርብ ከምሳ በኋላ፣ ከልደታ ፍርድ ቤት ማዶ፣
ከባቡሩ ድልድይ ሥር፣ ወንበር ከወንበር ተዛምዶ፣
አቶ ወልደሰንበት ቆመው፣ እኔ ተቀምጬ ስተይብ፤
ክሱ የደረቅ ቼክ ነው፤ ነገሩ ግን የልብ።

«አበልጄ ነው እኮ!» ብለው እጃቸውን ሲወረውሩት
ብርጭቆው ተደፋ፤ ሻዩን የሣጥኑ ቀዳዳዎች ጠጡት።
ጋደም ያለ ኮምፒውተር ነው፣ ሞኒተሩን በጀርባው አዝሎ፣
የሚተነፍስበት ወንፊት ወደ ላይ ከፈት ብሎ፤
ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው፣ ትኩስ፣ ቅርንፉድ የሸተተ፣
ሳያንኳኳ ገባ፤ ከሆዱ ውስጥ ተከተተ።

እጄ ወደ ሶኬቱ ተዘርግታ ገና ሳትደርስ፣
ድርግም።
መብራት ሄደ። ፎቶ ኮፒው ዝም፣ ራዲዮው ዝም።
ሁልጊዜ ገጽ አጋምሼ የሚከዳኝ፣ የምረግመው፣
ዛሬ ከእጄ ቀድሞ ደረሰ፤ ምን ብዬ ልሰይመው?

ሶኬቱን ነቀልኩ። ሣጥኑን በጎኑ ባቆመው ሻይ አለቀሰ።
«ልክፈል እንጂ» አሉ፤ እጃቸው ኪሳቸው ደርሶ ባዶ ተመለሰ።
በደረቅ ጦስ እርጥብ ይነዳል ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር፤
ለካ አድራሻው እዚህ ነው፣ ከእኔ ጠረጴዛ ሥር።

በታይፕ ዘመን ቢሆን፣ በጨርቅ ጠረግ፣ ሪባኗን ፀሐይ ላይ ሰጣ፤
አሁን ግን ኢክራም ትጠራ፣ ከሜክሲኮ ምድር ቤት ትምጣ።

መጣች። ካቻቢቴ በአንድ እጇ፣ ለብሎን የሚሆን ቆርኪ በሌላው።
«ከረጠበ በኋላ አብርታችሁታል?» ሐኪም «ምን ቀመሰ?» እንደሚለው።
«ማንም አልነካውም።»
«አልሐምዱሊላህ።»
ጎረቤቴ ፀጉር ሠሪዋ ማድረቂያዋን ይዛ ብትደርስ
«የለም» አለች፣ «ሙቀቱ ስኳሩን ያጋግረዋል፤ ይቅር፣ ይመለስ።
ውሃማ ገር ነው፤ ይተንናል፣ ይሄዳል።
የጣፈጠው ነው የሚቀር፤ ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ ይጎዳል።»

አቶ ወልደሰንበት ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

በጥርስ ብሩሽ፣ በፋርማሲ አልኮል፣ ማዘርቦርዱን ጥግ ለጥግ፤
የራሙን የወርቅ ጥርሶች በልጇ ላጲስ ፈተግ ፈተግ፤
ሳንቲም የምታህለውን ባትሪ ነቅላ በወረቀት ጠቀለለች፤
«እስከ ሰኞ እንዳትነኩት። ሒሳቡ ሲድን ነው» ብላ ሄደች።

እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሰውዬው በመስኮት አዩት፤
ደውለው «እንዴት አደረ?» አሉኝ፤ እንደ ተኛ ዘመድ ጠየቁት።

ሰኞ። ቀጠሮው ስድስት ሰዓት፤ ሬጅስትራሩ ሰው አይጠብቅም።
ተጫነችው። ማራገቢያው ተነሣ። ስክሪኑ ጥቁር።
ቲት፣ ቲት፣ ቲት።
«ራሙ ነው የሚያለቅሰው።» ነቀለች፣ ፈተገች፣ ቀጭ እስኪል ገፋችው፤
ደግማ ተጫነች። አንድ ቲት። አጭር።
ሁለት ቀን የጠበቅናት ድምፅ ይህችው።

ግን ባትሪው ሲወጣ ዕድሜውን ረስቶታል፤ ስክሪኑ ላይ
ጃንዋሪ አንድ፣ ሁለት ሺህ ዘጠኝ።
አቶ ወልደሰንበት በጣታቸው ቆጥረው ወደ እኛ መለሱት፦
«ታኅሣሥ ሃያ ሦስት፣ ሁለት ሺህ አንድ።
የገናን በግ በጋራ የገዛንበት ዓመት፤ ለሁለት ቤት አንድ።
ቼክ የሚባል አልነበረንም፣ እሱም እኔም።
እስኪ አታስተካክለው። ትንሽ ይቆይ።»

ባቡሩ በላያችን አለፈ፤ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ።
ሦስታችንም ያን ቀን አየነው።
ከዚያ አስተካከልኩት፤ ሬጅስትራር በድሮ ቀን አይቀበልም።

ፋይሉ ተርፏል፤ «ተከሳሽ የሆነው» ከሚለው ላይ ቆሟል።
«ቀጥሎስ?» አልኩ።
«አበልጄ በል።»
«በክስ ላይ እንዲህ አይባልም፣ ጋሼ።»
«አንተ ጻፈው።»
ጻፍኩት። ሴቭ አደረግኩት።