የዞርካ ቋጠሮ

ሞይስትራና መንደር፣ ከላሞቹ በረት ኋላ፣
ዞርካ ገመድ ዘርግታ ጠበቀችን በጥላ።
ዕድሜዋ ሰባ ሁለት፤ ከግራዋ ጎድሏል ሁለት ጣት፣
ጓንቷን የረሳች ለት ውርጭ በልቶባት።
«ይሄ ነው ዲፕሎማዬ» አለች እጇን ዘርግታ፤
እኛ ሳቅን፤ እሷ ግን አልሳቀችም ላፍታ።

ከዬሴኒትሴ በአውቶቡስ፣ እኔና ይታገሱ፣
ሁለት ብረት በያጆች፣ ሳይነጋገሩ የደረሱ፤
ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እሱ መስኮቱን፣ እኔ በሩን ሳይ፣
መሃላችን ብድር ነበር፣ የአራት ወር የቤት ኪራይ፣
ማንም የማያነሳው፣ እንደ ጉድፍ ዓይን ላይ።
ስሙ ይታገሱ ነው፤ የታገስሁት ግን እኔ፣
እንዲህ ነበር የማስበው ያኔ።

«መጀመሪያ ስንቅ» አለች። ሻንጣችንን ገለበጠች፤
የእኔን ጂንስ አንጠልጥላ ወደ ጥግ ወረወረች።
«ጥጥ የጠጣውን ውሃ አይመልስም፣ እንደ ክፉ ተበዳሪ።»
ዝም አልን። ጥጉ ላይ ዝም አለ የእኔም ሱሪ።
የይታገሱን አዲስ ጫማ፣ ሶሉን በአውራ ጣቷ እየተጫነች፣
«እግርህን ገና አያውቀውም፤ ወር ሂድበት፣ ይተዋወቁ» አለች።
«ካልሲ ሁለት፣ ፊሽካ አንድ፣ ውሃ ከምታስቡት እጥፍ፤
ስልክ ብርድ አይችልም፤ ካርታ ግን አያውቅም እንቅልፍ።
ለባለሆቴሏ ንገሩ፣ በየት እንደወጣችሁ፤
ስድስት ሰዓት ሲሞላ ግን፣ የትም ብትሆኑ፣ ጫፉ ቢታያችሁ፣
ዙሩ።»
ስሟን ከዚህ ግስ የወሰደች መስሎኝ ነበር፤
ንጋት ማለት ነው አሉኝ፤ ያም ያው ነው፣ ሌሊት ሲዞር።

አራት እሁድ በበረቱ ግድግዳ ላይ ተንጠለጠልን፤
ላሞቹ እያመሰኩ አዩን፤ መውደቅ ነበር የተማርን።

በእኛ አፍ ስንቅ ይቋጠራል፤ ቂምም እንደዚያው፤
እንባም በዓይን ይቋጠራል፤ ግሱ ያው።
ለዞርካ ግን ቋጠሮ ማለት ስምንት ቁጥር ብቻ ነው፤
ሄዶ በሄደበት ተመልሶ ራሱን የሚያቅፈው።
«ስትጨርስ ጓደኛህ ይየው፤ የራስ ቋጠሮ ለራስ ዓይን
ሁልጊዜ ልክ ነው» አለችን።
ይታገሱ ጎንበስ አለና ወገቤ ላይ ፈተሸ፤
ጎተተ። «ጭራው አጥሯል፤ ፍታው» አለኝ። አልዋሸ።
ከአራት ወር ዝምታ በኋላ ያወጣት ቃል እሷ ናት፦ ፍታው።
ፈታሁ፤ ዳግም ቋጠርኩ፤ በመዳፉ ቸብ አርጎ መታው።

ነሐሴ፣ ቭራታ ሸለቆ፤ ግንባር ላይ መብራት አስረን፣
እያንዳንዷን ድንጋይ ሳንጨብጥ አንኳኩተን፣ ጆሮ ሰጥተን፤
ባዶ ድምፅ የምታሰማዋ እሷ ናት የምትከዳ።
ከፊታችን ትሪግላቭ፣ ግድግዳ በግድግዳ።

ስድስት ሰዓት። ጫፉ ታየን፤ ቢበዛ የአንድ ሰዓት ጉዞ፤
ከጣልያን በኩል ደመና መጣ፣ ዝናቡን ቋጥሮ ይዞ።
«ሞልቷል» አለ ይታገሱ፣ ሰዓቱን በጣቱ መትቶ።
በሆዴ፦ ዕዳ የማይቆጥር ሰው፣ ሰዓት ይቆጥርብኛል ደግሞ ተነስቶ!
አፌን ልከፍት ስል ገመዱን አየሁት፤ አጭር ነው፤
ጠዋት የእኔን እሱ፣ የእሱን እኔ የፈተሽነው።

ወረድን።
ከላያችን መብረቅ የብረቱን መወጣጫ ላሰ፤
እኛ በያጆች ነን፤ ብረት ለማን በሩን እንደሚከፍት እናውቃለን፤
ጉልበታችን ፈሰሰ።

የረጠበ ቋጠሮ ይከራል፤ የእኔ አልፈታም አለ፤
ይታገሱ ተንበርክኮ፣ ወገቤ ላይ ጥርሱን ተከለ።
ዞርካ ገመዱን ተቀብላ በረቱ ላይ ሰቀለች፤
ጫፍ ነካችሁ ወይ አላለችም፤ ጣቶቻችንን ቆጠረች።

አውቶቡስ ላይ የሁለታችንን ትኬት ከፈለ።
ከአራት ወር ኪራይ ላይ ሲቀነስ... ልማድ ነውና አሰላሁት፤
ከዚያ መስኮቱን ለቀቀልኝ፤ ቁጥሩ የት እንደደረሰ ረሳሁት።