ሁለት ደብተር

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ ከክፍያው መንገድ አፋፍ፣
መኪና ሁሉ ቆሞ፣ ከፍሎ በሚያልፍበት ደጃፍ፣
ሁለት ደብተር ይዤ እኖራለሁ፤
በሥራ ቀን የሴኔቱን ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ፣
እሑድ ደግሞ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ የእድራችንን።

ሐሙስ ዕለት አማካሪው መጣ፣ ላፕቶፑን ዘረጋ፣
ግድግዳው ላይ ሰማያዊ ቀስት፣ ኮርኒሱን ሊወጋ።
«ይኼ ሜልቦርን ላይ ሠርቷል፣ ይኼ ደግሞ ሲንጋፖር፤
እናንተን አስሮ የያዛችሁ፣ ስለ ገንዘብ ማውራት ማፈር።»
ያፈረ አልነበረም። ዲኖቹ ጻፉ፣ ቦርዱ ራሱን ነቀነቀ፤
«ተማሪ» የሚለው ቃል ከመተዳደሪያ ደንቡ ተፋቀ፣
«ደንበኛ» ገባ በቦታው።
ጻፍኩት። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ እንጀራዬ ነው፣ ምን ላድርገው?

ቀጥሎ ሠንጠረዡ፦ ትምህርት ክፍል፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ።
አካውንቲንግ አረንጓዴ። ሶፍትዌር አረንጓዴ። ጂኦግራፊ ቢጫ።
ግዕዝ ቀይ፦ አንድ መምህር፣ አራት ተማሪ
(ይቅርታ፣ አራት ደንበኛ)።

መምህር እንግዳወርቅ ተነሡ፣
የወደቀ እስክሪብቶ የሚሹ ይመስል ጠረጴዛውን ዳሰሱ።
«እኔ በተማርኩበት ቅኔ ቤት፣ መምህሩ ፊት ቆሜ ስዘርፍ፣
ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ‹ጎደለ› ይለኝ ነበር፣ ቤቱን ሳላሳርፍ።
የኔታም ይሰሙታል።
አላሞግሰውም፤ ቁራሽ ለምኜ፣ ውሻ ነክሶኝ ነው የተማርኩት።
ግን ‹ጎደለ› ለማለት፣ ከፋይ መሆን አላስፈለገንም።»

«ሰዓት አልቋል» አሉ ሰብሳቢው።
ደብተሬም አለ፦ «አንድ አባል አስተያየት ሰጡ።»

እሑድ፣ ቆርቆሮው አዳራሽ ውስጥ፣ ወይዘሮ የሺመቤት ተነሡ፦
«ድንኳኑ ለምን ዘገየ? ለቀስተኛውን ፀሐይ ጠበሰው!»
ሰብሳቢው አቶ ቱፋ ይቅርታ ጠየቁ።
ተጻፈ፤ ከነስማቸው፣ ከነቁጣቸው።
እዚህስ ሟች ደንበኛ አይባልም ብዬ ልኮራ ስል፣
ስልኩን ከፈተ ገንዘብ ያዡ ኪሩቤል፦
«ድንኳኑ ሥራ ፈቶ ነው የሚውለው፤ ለሰርግ ይከራይ።»
ስልኩ ላይም ቀስት አለ፣ ሽቅብ የሚያይ።
እጅ ወጣ። የእኔም ወጣ፤ መዋጮው ከብዶኝ ነበር።
«ሰርጉና ሞቱ አንድ ቀን ቢገጥሙስ?» አለ አንድ ድምፅ ከበር።
የመለሰ የለም።

ማታ፣ መብራት ጠፍቶ፣ በስልክ ብርሃን የሴኔቱን ደብተር ገለጥኩ፤
«አንድ አባል» የሚለውን ሰረዝኩ፣
«መምህር እንግዳወርቅ፦ ጎደለ» ብዬ ጻፍኩ።
ሰኞ ለፊርማ ይቀርባል።
እግዜር ይስጣቸው፣ ሳያነቡ መፈረም ልማዳቸው ነው፤
እሱን ልማድ እንኳ፣ አማካሪው አልነካባቸውም።